የመንታው ቤት ግማሽ

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ አንባቢ አንድ ተራ ሽማግሌ የሚገዛው ቤት ፍለጋ ሲዞር የከረመ ይመስለዋል።

ሀዋሳ ውስጥ እኔ ያልሠራሁት የግንባታ ዓይነት የለም። ከወላይታ ገጠር መጥቼ ለግንበኞች ውኃ መቅዳት ስጀምር ጢም አላበቀልኩም ነበር። በዓመቱ ድንጋይ እጠርብ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግንብ ጀመርኩ፤ ከዚያ በርና መስኮት መግጠም፣ ከዚያ ጣሪያ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። ፕላን ማንበብ የቻልኩት መሐንዲሶቹ ምሳ ሲሄዱ ድንጋይ ጭነውበት የሚተዉትን ወረቀት እየገለጥኩ ነው። አንድ ቀን ደረጃው ከጓዳው በር ጋር እንደሚጋጭ ከመሐንዲሱ ቀድሜ አየሁና ተናገርኩ። ሰውየው ለሳምንት ዘጋኝ፤ ደረጃው ግን እኔ ባልኩት በኩል ወጣ።

ግራኝ ነኝ። አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ የግንበኛ ማንኪያን በቀኝ እጄ እንድይዝ ያስገድደኝ ነበር። ስላልነበረኝ እንደተፈጠርኩ ሠራሁ፤ ልስኔም ከሌላው ሰው ልስን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለውን ባለ አንድ ፎቅ ቤቴን ብሎኬቱን ራሴ አምርቼ፣ በሩን ራሴ ቆርጬ፣ መብራቱን ራሴ ዘርግቼ ነው ያቆምኩት። አንድ ስንጥቅ ያሳየኝ ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያናችን ወንበሮችም የእጄ ሥራ ናቸው፤ ስንት ወፍራም ሰው ተነሥቶ ሲቀመጥባቸው አንዱም አላቃሰተ።

እንዲህ ያለ ሰው በማን ይቀናል? እኔም እንደዚያው አስብ ነበር።

የሚስቴ ታናሽ እህት ባል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ስለ አፈር ያስተምር ነበር። በቤተሰብ ውስጥ ሁላችንም መምህር እንለዋለን። መልካም ሰው ነው፤ ክፋቱም እሱ ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። መዶሻ ሲይዝ እጀታውን ትቶ አንገቱን የሚያንቅ ሰው ነው። ይህ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ከሐይቁ ብዙ በማይርቀው አሮጌ ሰፈር፣ የመንታ ቤት ግማሽ ገዛ።

መንታ ቤት የምለው ሁለት ነጋዴ ወንድማማቾች በድሮ ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሠሩት የጭቃ ቤት ነው። አንድ ጣሪያ፣ ሁለት በር፣ ሁለት በረንዳ፣ በመካከል አንድ የጋራ ግድግዳ። መምህር የፀሐይ መውጫውን ግማሽ ገዛ። ሲገዛ ስቄበታለሁ፤ ምሳ ላይ፣ ሰው ፊት። «ጡረታህን ለምስጥ አወረስከው» ብዬዋለሁ።

ከዚያ አሳደሰው። አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ተጠራንና ሄድን። የበረንዳው ቋሚዎች አረንጓዴ ተቀብተዋል። መስኮቶቹ ጥንት እንደነበሩ ባለ መዝጊያ ናቸው። የሳሎኑ ጣውላ ወለል ተልጎ በሰም አብረቅርቋል። እኔ ስንት ዘመን ሰው ቤት ሠርቼ አስረክቤያለሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ እንከን ፈለግሁ።

ፓስተራችን ወንበር ላይ ተደላድሎ ዙሪያውን ካየ በኋላ «እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አለ። ይኸው ሰው እኔ ቤት አራት ጊዜ መጥቷል። አራቱንም ጊዜ የጠየቀኝ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነው።

መምህር አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ ወለሉን እንዴት አዩት?» አለኝ።

«ወለል ነው» አልኩት።

«ጥንት የተነጠፈው ጣውላ እኮ ነው። አንዷን እንኳ አልቀየርንም።»

«ስትረግጡት ሲጮኽ ሰምቻለሁ።»

ሳቀ። እሱ ሁልጊዜ ይስቃል። ሚስቴን ፈልጌ ዞር ስል ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን ጣውላው ላይ ዘርግታለች። እኛ ቤት ምርጥ ሴራሚክ ነው ያነጠፍኩት፤ መስመሩ በክር የተለካ። ጫማዋን አውልቃበት አይቼ አላውቅም። ከምሳው በፊት ሦስት ወጣቶች በሩን አንኳኩተው በረንዳውን ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠየቁ። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነን አሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ ስለ ሕንፃ የጠየቀኝ ግን የለም።

እንግዲህ ምሳው ሊያልቅ ሲል ነው መምህር የሚከተለውን የተናገረው፦

«ጎረቤታችን እማማ ግማሻቸውን ሊሸጡት ነው። ልጃቸው ጋ ሊጠቃለሉ ነው መሰለኝ። መልካም ጎረቤት ይገጥመን ይሆን?»

የፀሐይ መግቢያው ግማሽ ነው፤ የሐይቁ ነፋስ የሚያገኘው እሱ ነው። እሱ በሰው እጅ ያን ያህል ከሠራ፣ እኔ በራሴ እጅ ምን መሥራት እንደምችል አሰብኩት። ሰው ሁሉ ሁለቱን በሮች ጎን ለጎን ሲያይ ታየኝ። እንጀራ የቆረሰው እጄ አየር ላይ ቀርቶ ሚስቴ «ብላ እንጂ» አለችኝ።

ማክሰኞ ለማንም ሳልናገር መሮዬን፣ ማንኪያዬን፣ ቱንቢዬንና ውኃ ልኬን በከረጢት ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ። የሄድኩት መምህር ለጡረታ ጉዳይ ወደ ቢሮ በሚመላለስበት ቀን ነው። ሴትየዋ በረንዳዋ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ሰማንያውን ያለፈች የአገሬው ሰው ናት፤ አማርኛዋን ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ እየመረጠች ነው የምትናገረው።

«ማን ነህ ልጄ?»

እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጄ ከተባልኩ ዘመን የለውም። «ቤቱን ለማየት ነው የመጣሁት፣ እማማ» አልኩ።

«ደላላ ነህ?»

«የለም፤ ሠራተኛ ነኝ። ገዢም ነኝ።»

«ሠርቶ የሚገዛ ሰው አላየሁም እስከ ዛሬ። እስቲ ግባ።»

ለምን እንደምትሸጠው ጠየቅኳት። «ክረምት ሲሆን ያቃስታል» አለችኝ። «እኔ ሳቃስት እሱ ያቃስታል። ላዬ ላይ ሳይወድቅ ልሂድ ብዬ ነው። የልጄ ሚስት ግን አትወደኝም።»

ገብቼ አየሁት። ጣሪያው ቆርቆሮው ዝጓል እንጂ የሚሸከመው ወራጅ እንጨት ጥድ ነው፤ መሮዬን ገፍቼ አልገባም አለኝ። ኮርኒሱ ጨርቅ ነው፤ ተልጦ የሚጣል። ወለሉ ከመምህሩ ይሻላል፤ ጣውላው ሰፋ ያለ ነው። ቱንቢዬን ጥዬ የፊቱን ግድግዳ ለካሁት፤ ሁለት ጣት ብቻ ነው የዘመመው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቱን በልቤ ሠርቼ ጨረስኩት። በረንዳውን ወደ ሐይቁ በኩል አዞርኩት። የድንጋይ መሠረቱን እንዲታይ ገለጥኩት። ቀለሙን እንኳ መረጥኩ፤ አጠገቡ ያለው አረንጓዴ የደበዘዘ እንዲመስል የሚያደርግ ደማቅ ቢጫ። አዎ፣ ቀለሙን የመረጥኩት ለዚያ ነው።

በመጨረሻ የመካከሉን የጋራ ግድግዳ አንኳኳሁ። ድምፁን አልወደድኩትም። ከእንጨት ሣጥን ኋላ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ መሮዬን አስጠጋሁና ገፋ አደረግሁ። እስከ እጀታው ገባ። ስመልሰው ጭቃው ጠቁሮ፣ የበሰበሰ ቅጠል እየሸተተ ወጣ። በቀዳዳው ጣቴን ሰድጄ ቋሚውን ዳሰስኩት፤ እንደ ዳቦ ተፈረፈረ።

ምክንያቱን ለማወቅ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወጥቼ ጣሪያውን አየሁ። አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ባለ ረጃጅም እግር ትልልቅ ወፎች፣ ከዓሣ ገበያው እየመጡ የሚያርፉት መካከል ላይ ባለው አሸንዳ ላይ ነው። ያ ወፍ ክብደት አለው፤ አሸንዳውን አጉብጠውታል፤ የሁለቱ ግማሽ ጣሪያ ውኃ ተጠራቅሞ ግድግዳው ውስጥ ይወርዳል። ይህ ብቻ ቢሆን ጭቃው ጠጥቶ መልሶ ይደርቅ ነበር። ነገር ግን መምህር ሲያሳድስ እንደነገረን በራሱ በኩል ያለውን የግድግዳ ፊት ቀጥ ያለና የሚያብረቀርቅ እንዲሆን ብሎ በሲሚንቶ አስለስኖታል። ጭቃ ላይ ሲሚንቶ የለበደ ሰው ውኃውን ውስጥ ቆለፈበት። ገጠር ያለ ሕፃን ያውቀዋል። ሠራተኞቹ ያዘዛቸውን ሠሩ፤ እሱም ቆሞ አመሰገናቸው።

አሁን የማልኮራበትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ደስታ ነው። ክረምቱ እስኪገባ ሁለት ወር አይሞላም ነበር። ያ የተመሰገነ ቤት በእንግዳ ፊት ሲሰነጠቅ ታየኝ፤ ያ ፓስተር የተቀመጠበትን ወንበር አንሥቶ ሲሸሽ ታየኝ። እኔ በምገዛው ግማሽ ከግድግዳው ስንዝር ገብቼ የራሴን ቋሚዎች አቆማለሁ፤ የእኔ አይነካም። ተማሪዎቹ ያንን ፎቶ ያንሡ አልኩ።

ከግቢው አፈር ቆንጥሬ፣ ከዶሮዎቹ ማደሪያ ጭድ ወስጄ፣ በትንሽ ውኃ ለወስኩት። ቀዳዳውን ደፈንኩ፤ በማንኪያዬ ሦስት ጊዜ አለሰለስኩት፤ ሣጥኑን መለስኩ። እማማ ከባቄላዋ ቀና አላለችም።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሚስቴ ነበረች። ያንን ቤት ለመግዛት ምሥራቅ ያለውን ቤት መሸጥ ነበረብኝ፤ የባልና የሚስት ቤት ደግሞ ያለ ሁለቱ ፊርማ አይሸጥም።

«ምን?» አለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«የእማማን ግማሽ እንግዛ።»

«ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸውን ቤት ሸጠህ የሚፈርስ ልትገዛ?»

«አይፈርስም። እጄ ከገባበት አይፈርስም።»

«እጅህንስ አውቀዋለሁ። ጉልበትህ ነው እንጂ፤ ትናንት እዚች ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍክ።»

«ስልክ ተደውሎልኝ ነው።»

«ሁለቴም?»

ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝ። «መምህርን መብለጥ አማረህ» አለች። አልካድኩም፤ አላመንኩምም። ደረጃው ለሁለታችን ዕድሜ እንደማይሆን፣ አሮጌው ቤት ምድር ላይ መሆኑን፣ ከእህቷ ጋር በረንዳ ለበረንዳ እንደምትሆን ነገርኳት። ይሄኛው ያዛት። «ልየው» አለች።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። ሴቶቹ ወዲያው ተግባቡ፤ እማማ ስለ ልጇ ሚስት ነገረቻት፤ ሚስቴ ስለ እኔ ነገረቻት መሰለኝ፣ ሁለቱም እኔን እያዩ ሳቁ። ከዚያ ሚስቴ ክፍሎቹን ዞረች። የመካከለኛው ግድግዳ ጋ ስትደርስ እማማ ስለ ሸረሪት ድሩና ስለ አቧራው ይቅርታ እየጠየቀች ሣጥኑን ገፋችው።

ሚስቴ ጎንበስ አለች። ለአርባ ዓመት እኔ የለሰንኩትን ግድግዳ ኖራ የቀባችው እሷ ናት። ብሩሿን በማንኪያዬ መንገድ ነው የምታስኬደው። ጣቷን በዚያች መሐረብ በምታህል ልጣፍ ላይ አሳለፈች፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሄደ ሦስት ምት።

«ይሄን መቼ ደፈንከው?»

«የቱን?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ነው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከኋላው ምን አለ?»

መዋሸት እችል ነበር። እማማ ግን እዚያው ቆማ ነበር። «ቋሚው በስብሷል» አልኩ።

«ማዶው የማን ክፍል ነው?»

እሷ የእህቷን ቤት ውስጡን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች፤ ስትጠይቀኝ መልሱን ይዛ ነበር። «እህቴ ትራሷን ወደዚህ ግድግዳ አድርጋ ነው የምትተኛው» አለች። «ከዚህ ከደፈንከው ጋ ስንዝር ነው የሚለያት።»

እምላለሁ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁሉ የማየው የመምህሩን ግድግዳ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ እሱ ብቻውን የሚኖር ይመስል። ሚስቴ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆመች። ተከተልኳት። እንዲህ አለች፦

«ፊርማ ትፈልጋለህ? ይህን ግድግዳ ከሁለቱም በኩል አሳምረህ ሥራ። ሠርተህ ስትጨርስ እፈርማለሁ።»

ቃሏ ቃል ነው። ስለዚህ ያኔውኑ መምህር በር ሄጄ አንኳኳሁ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከፈተልኝ።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለዎት?»

«መኝታ ቤትህ ያለውን ቁም ሣጥን ሳበው» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ያኔ ገባኝ፤ ያውቃል። ቁም ሣጥኑን ሁለታችን ስንስበው ሲሚንቶው አብጦ፣ ጥቁር ካርታ የመሰለ ነገር እስከ ጉልበታችን ወጥቶበት አየን። በሣጥን ሸፍኖት ኖሯል።

«ላበት መሰለኝ» አለ።

«ስንት ዓመት ነው አፈር ያስተማርከው?»

«ሠላሳ።»

«ሠላሳ ዓመት ያበላህን አፈር በሲሚንቶ አነቅከው?»

«እኔ የማስተምረው ስለ እርሻ አፈር ነበር፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

ይህች ቅጽበት ጣፈጠችኝ። አልዋሽም፤ እንደ ማር። ግን አልቆየችልኝም። ሚስቶቻችን ሲመጡ ከግድግዳው ቆንጥሮ በጣቶቹ መካከል እያሸ፣ ሸክላው ይህን ያህል ነው፣ አሸዋው ይህን ያህል፣ ውኃ እንዲህ ይይዛል እያለ ማብራራት ጀመረ። እማማ ሳትቀር ቆማ በአድናቆት አዳመጠችው። በሽታውን ያገኘሁት እኔ፣ ትምህርቱን የሰጠው እሱ። ስለደፈንኩት ቀዳዳ ሚስቴ አልነገረችውም፤ እማማም ዝም አለች። ይህን ጽሑፍ ካነበበ ያኔ ያውቃል።

ሰኞ እማማ ጓሮ ጉድጓድ አስቆፈርኩና ጭቃ አቦካሁ። ጭቃ እንደ ሊጥ ነው፤ ጭዱ ካልበሰበሰና ካልሸተተ አይያያዝም። በየቀኑ ውኃ እያጠጡ መርገጥ ነው። እማማ ዱላዋን ይዛ ከላይ ትቆማለች።

«ገና ነው፣ ልጄ። አልሸተተም።»

«እማማ፣ እኔ ጭቃ ሳቦካ ይኸው አምሳ ዓመቴ ነው።»

«እኔ አምሳ ዓመት ሙሉ ስታቦኩ አይቻለሁ። ገና ነው።»

መምህር ሱሪውን ጉልበቱ ድረስ ጠቅልሎ ገባ። አላስገባም ብዬው ነበር፤ እሱ ግን «ግድግዳው የእኔም ነው» ብሎ ገባ። እግሩ ነጭና ቀጭን ነው፤ ጭቃ ውስጥ እንደ አባ ኮዳ ይራመዳል። አንድ ቀን እነዚያ ተማሪዎች አለፉና ቆመው አነሡት። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ቤተ ክርስቲያን ያለው ወጣት ሁሉ «መምህር ጭቃ ረገጡ» እያለ ትሕትናውን አደነቀ። እኔም ፎቶው ውስጥ አለሁ። ጠርዙ ላይ፣ ክርኔ። ሴት ልጄ ስልኳ ላይ አጉልታው «አባዬ፣ ይሄ ያንተ ሸሚዝ አይደል?» አለችኝ።

የበሰበሱትን ቋሚዎች ማውጣት የእኔ ብቻ ሥራ ነበር፤ እዚያ ላይ ማንም አልተጠጋኝም። ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ክሪክ ተዋስኩ። ከጣሪያው ተሸካሚ እንጨት ሥር ወፍራም ግንድ አቁሜ፣ ክሪኩን ከግንዱ ሥር አግብቼ፣ ጣሪያውን ጥፍር ያህል አነሣሁት። ቆርቆሮው ጮኸ። መምህር «ጋሼ፣ ይቅርብዎት» አለ ከበር ላይ። «አንተ ወለልህን ተጠንቀቅ» አልኩት። አሮጌውን ቆርጬ አወጣሁ፤ ከሥሩ ድንጋይ አለበስኩ፤ አዲሱን ጥድ እግሩን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጥቼ አቆምኩት፤ ጣሪያውን አወረድኩ። ኩርሽም አላለ። ጉልበቴ ለሦስት ቀን አበጠ፤ ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ አይታዋለች ግን።

ምርጊቱ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። የመጀመሪያው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ሲጥል ሁላችንም እማማ ቤት ተሰብስበን ግድግዳውን በመዳፋችን እየዳሰስን ቆምን። ደረቅ ነው። ቤቱም አላቃሰተም።

በዚያው ሳምንት ሚስቴ መታወቂያዋን ቦርሳዋ ውስጥ አድርጋ «እንሂድ፤ ቃሌ ነው» አለችኝ። ባጃጁ ውስጥ ወደ ኋላ ዞራ ሰፈራችንን ስታይ አየኋት። እኔ ግን ቢጫውን ቀለም ነበር የማስበው።

እማማ ሻይ አቀረበችልን። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ይህ ቤት አሁን ይወድቃል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«ክረምት ሲገባስ?»

«በፍጹም።»

«እኔ የምሸጠው እንዳይወድቅብኝ ነበር» አለች። «የማይወድቅ ከሆነ ለምንድነው የምሸጠው? ወይስ ጥሩ አድርገህ አልሠራኸውም? እውነቱን ንገረኝ፤ ካልሠራኸው ዛሬውኑ ልሽጥልህ።»

አንድ ቃል ብቻ ይበቃኝ ነበር። «እንግዲህ አሮጌ ቤት አይታመንም፣ እማማ» ብል ቤቱ የእኔ ነበር። የፀሐይ መግቢያው በረንዳ፣ የሐይቁ ነፋስ፣ ከመምህሩ በር አጠገብ የእኔ በር። ሚስቴ አንገቷን ደፍታ ስኒዋን ታያለች። ቃሉን አፌ ላይ አመጣሁት። ግን በራሴ ሥራ ላይ እንዴት አድርጌ ክፉ ልናገር? ሰው ባይሰማ እንኳ ግድግዳው እዚያው ቆሟል።

«የልጅ ልጆችዎ ይኖሩበታል» አልኩ።

«ተባረክ» አለች እማማ። «ሻይ ልጨምርልህ?»

ስንወጣ መምህር በረንዳው ላይ መጽሐፍ ያነባል። ቤቱ ያው ያማረ ነው፤ ሰውም ያው ይመጣል። ዛሬም ሳየው እቀናለሁ። የቤት ጉዳይ አብቅቷል፤ ሚስቴ መታወቂያዋን መሳቢያ ውስጥ መልሳለች። ስለዚያ ግድግዳ ሲወራ ግን የእኔ ስም ስለማይነሣ፣ የሠራሁትን ራሴ ጽፌ አስቀምጣለሁ፦

አምስት የበሰበሱ ቋሚዎችን ጣሪያ ሳላፈርስ ቀየርኩ።

የጋራውን ግድግዳ ከሥሩ ድንጋይ አለበስኩ።

የመምህሩን ሲሚንቶ በመዶሻና በመሮ ራሴ ላጥኩት፤ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ለመስጠት አልፈለግሁም።

ሁለቱንም ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ መረግሁ፤ በሁለቱም በኩል የማንኪያው መንገድ ወደ ግራ ነው።

አሸንዳውን አቅንቼ አባ ኮዳ እንዳያርፍበት ሽቦ ወጠርኩበት። አሁን የሚያርፉት ማዶ ያለው ሆቴል ላይ ነው።

የእማማን ዶሮ ማደሪያ አደስኩ፤ ጭዱን ስለወሰድኩባቸው።

በእማማ በኩል ያለውን የበረንዳ መከታ በትርፉ ጥድ አዲስ አድርጌ፣ ዐይን በሚይዝ ቅርጽ ፈልፍዬ ሠራሁት። ማንም አላዘዘኝም። መምህር አይቶት «ጋሼ፣ ለእኔም እንደዚሁ ይሥሩልኝ» አለኝ። እንጨቱ አልቋል አልኩት። አላለቀም።